ዝናብ እያላት የተጠማችው ከተማ
ሜክሲኮ ሲቲ በዓመት ከለንደን የበለጠ ዝናብ ታገኛለች። ግን ብዙ ሰፈሮቿ ውሃ የሚጠብቁት በቦቴ ነው። የውሃ መሐንዲስ ነኝና ስለ እጥረት ስጠየቅ ቀድሜ የማነሳው እሷን ነው።

ከተማዋ የተስፋፋችው አዝቴኮች በኖሩበት ሐይቅ ላይ ነው፤ ከስፔን ወረራ በኋላ ሐይቁ እየተጠነፈፈ ደረቀ። ዛሬ ዝናቡ አስፋልት ላይ ወርዶ ከፍሳሽ ጋር ይሄዳል፤ ወደ መሬት የሚሰርገው ጥቂት ነው። አብዛኛው የቧንቧ ውሃ ግን ከከርሰ ምድር ይሳባል። ውሃው ሲወጣ ሸክላማው አፈር ይጨመቃል፣ መሬቱም ይሰምጣል፤ አንዳንድ ቦታ በዓመት እስከ 50 ሴንቲ ሜትር! ቧንቧው ይሰነጠቅና 40 በመቶ ገደማ ውሃ መንገድ ላይ ይቀራል። ጉድለቱን ለመሙላት ከኩትሳማላ ግድቦች ውሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይገፋል። በእኔ እምነት ከአዲስ ግድብ በፊት የቧንቧ ጥገና ይቅደም፤ ውሃው መንገድ ላይ ሲቀር ለቦቴ ውሃ የሚሰለፉት እንደ ኢስታፓላፓ ያሉ የድሆች ሰፈሮች ናቸውና።