ዘፈኑን ያሰማው ሌላ፣ ሒሳቡን የተቀበለው ሌላ

የካሴት ገበያ በደራበት ዘመን በመርካቶና በፒያሳ የነበሩ ሙዚቃ ቤቶች አዲስ ካሴት ሲወጣ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙረው ይለቁት ነበር። አላፊ አግዳሚው ይሰማል፤ የወደደው እዚያው በሩ ላይ ከፍሎ ይወስዳል። ማሰማቱም መሸጡም በአንድ ሰው እጅ በመሆኑ ትርፉ የሚቀረው ከዚያው ከባለሱቁ ዘንድ ነበር። ሬዲዮ ግን ዘፈኑን አሰምቶ ገዢ ያመጣል፣ ሽያጩ የሚፈጸመው ከሌላ ቤት ነው። በነጋዴ ቋንቋ፣ ከሽያጩ ኮሚሽን የማይቆረጥለት ደላላ ማለት ነው።

ይህን ክፍተት በአንድ ቁልፍ ለመዝጋት ትልቅ ሙከራ የተደረገው በአሜሪካ ነው። ኤክስኤም የተባለው የሳተላይት ሬዲዮ ኩባንያ ከደንበኞቹ በወር 12 ዶላር ከ95 ሳንቲም ይቀበል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ፓዮኒር የሠራው “ኢኖ” የተባለ የኪስ መቀበያ 400 ዶላር ያህል ተቆርጦለት ለገበያ ቀረበ። መሣሪያው ከሳተላይት የሚመጣውን ሙዚቃ እስከ 50 ሰዓት ድረስ ይቀዳል። አድማጩ የወደደው ዘፈን ላይ ምልክት ያደርግና ኋላ ከኮምፒዩተር ጋር ሲያገናኘው ናፕስተር ከተባለው የኢንተርኔት መደብር ይገዛዋል። የተቀዳው ግን ከመሣሪያው አይወጣም፤ ወርሃዊው ክፍያ ከተቋረጠም አይሰማም። ደንበኛው አንድ ዘፈን ሳይገዛ 400 ዶላር መክፈሉን ልብ ይሏል።

ሙዚቃ አሳታሚዎቹ ነገሩን እንደ ድለላ አላዩትም። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ኤክስኤምን ከሰሱ። ኩባንያው የከፈለው ለማሰማት እንጂ ለማከፋፈል አይደለም፤ ዘፈኑን ኪሱ ያስገባ ሰው ተመልሶ ለምን ይገዛል? የሚል ነበር ክርክራቸው። ለአንድ ዘፈን እስከ 150 ሺህ ዶላር ካሣ ጠየቁ። ኤክስኤም በበኩሉ ለግል መቅዳትን የሚመለከተውን የ1992 ሕግ ጠቅሶ ተከራከረ፤ ዳኛዋ ግን በጃንዋሪ 2007 ክሱ ውድቅ ይሁንልኝ ያለውን አልተቀበሉትም። ከዚያ በኋላ ኩባንያው በዩኒቨርሳል ጀምሮ ከትልልቆቹ አሳታሚዎች ጋር ተራ በተራ ታረቀ።

እዚህ ላይ አንድ የሕግ ነጥብ አለ። በአሜሪካ ተራው ሬዲዮ ለዜማና ግጥም ደራሲው ይከፍላል እንጂ ለድምፃዊው አይከፍልም። የሳተላይት ሬዲዮ ግን በ1995 በወጣው ሕግ መሠረት ለሁለቱም ይከፍላል። አዲሱ ደላላ እንግዲህ ኮሚሽን ሊቀበል ቀርቶ ገና ገበያ ሲገባ ከነባሩ የበለጠ ኪራይ ተጥሎበታል።

በ2007 ደግሞ ተራዎቹ ጣቢያዎች በዲጂታል ሥርጭታቸው ተመሳሳይ ነገር ሞከሩ። ጣቢያው ከዘፈኑ ጋር መለያውን ይልካል፤ አድማጩ ሬዲዮው ላይ ያለውን ቁልፍ ሲጫን መለያው ወደ አይፖዱ ይተላለፋል፤ ቤቱ ሲደርስ ዘፈኑ በአፕል መደብር ተመዝግቦ ይጠብቀዋል። መደብሩ ከ2003 ጀምሮ አንዱን ዘፈን በ99 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። የገዢው ስም፣ የባንክ ካርዱና የግዢ መዝገቡ የተቀመጡት በአፕል ዘንድ ነው። ጣቢያው ደንበኛውን እስከ በሩ ሸኝቶ ተመለሰ።

ጉዳዩ የአዲስ አበባን ሰው የሚነካበት መንገድም አለ። ኤክስኤም ለሆነው ኩባንያ ቀድመው ገንዘብ ካወጡት አንዱ፣ አዲስ አበባ የተወለዱት ኖህ ሳማራ በ1990 የመሠረቱት ወርልድስፔስ ነበር። ወርልድስፔስ አፍሪስታር የተባለችውን ሳተላይት በኦክቶበር 1998፣ ኤሲያስታርን በ2000 አመጠቀ። ድምፁ የጠራ፣ የጣቢያው ምርጫ ሰፊ ነበር። ሆኖም መቀበያው አንቴናውን ወደ ሳተላይቷ ማዞር ይፈልጋል፤ ምድር ላይ ተደጋጋሚ ማሰራጫ ካልተተከለ በስተቀር በሕንፃ መካከል ለሚጓዝ መኪና አይመችም። ኪስ ውስጥ አስገብተው የሚዞሩበት ዕቃ አልነበረም። የሚሸጥ ዘፈንም አልነበረውም፤ ኋላ ላይ ገቢ ይጠብቅ የነበረው በዋናነት ከወርሃዊ ክፍያ ሲሆን፣ ከፋዮቹም በብዛት የተገኙት በሕንድ ነበር።

በኦገስት 2005 አክሲዮኑ በናስዳክ ለሕዝብ ሲቀርብ አንዱ በ21 ዶላር ተሸጠ። ኤክስኤምም በዚያው ዓመት 25 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ ሁለቱም ተናወጡ፤ ኤክስኤም በጁላይ 2008 ከተፎካካሪው ከሲሪየስ ጋር ሲዋሐድ፣ ወርልድስፔስ በኦክቶበር የኪሣራ ጥበቃ ለመጠየቅ ፍርድ ቤት ቀረበ። በዚያው ኦክቶበር ስፖቲፋይ የተባለ የስዊድን ኩባንያ በአውሮፓ ሥራ ጀመረ። ስፖቲፋይ ሳተላይት የለውም፣ መቀበያም አልሸጠም፤ ዘፈኑን የሚያሰማውም ወርሃዊውን ሒሳብ የሚሰበስበውም በራሱ ቤት ነው።