አገር ስጠኝ

ቤቱ ጨልሟል። በምድጃው ውስጥ የቀረችው ፍም አመድ ለብሳለች፤ ከብቶቹ ከግርግዳው ማዶ ያመሰኳሉ። በጋይንት ደጋ ብርዱ ከጉና በኩል ሲወርድ ሰው ሁሉ ወደ እሳት ይጠጋል። የገብስ ቆሎ በሰፌድ መሀል ላይ ተቀምጧል። ጋቢ ተከናንባ ጉልበቷን ያቀፈች አንዲት ልጅ ድንገት "እንቆቅልሽ!" ትላለች። በመደቡ ላይ የተደረደሩት ሁሉ ባንድ አፍ "ምን አውቅልሽ!" ብለው ይመልሳሉ። ጨዋታው ተከፈተ።

እንቆቅልሽን የማያውቅ የአማርኛ ተናጋሪ ማግኘት ይቸግራል። ቢሆንም ብዙው የከተማ ልጅ የሚያውቀው ግማሹን ነው። በመጽሐፍ ታትሞ ሲቀርብ ጥያቄው ከላይ፣ መልሱ ከታች ይጻፍና ያበቃል። ልጁ ያነባል፣ መልሱን ገልጦ ያያል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ቤቶች የሚጫወቱት እንቆቅልሽ ግን ከዚያ ይሰፋል። ጥያቄው የጨዋታው በር ነው፤ ከበሩ ወዲያ ጉዞ አለ፣ ምርኮ አለ፣ አገር መስጠትና አገር መቀበል አለ። እኔ ላስተዋውቀው የምሻው ይህንኑ ከበሩ ወዲያ ያለውን ነው፤ በመጽሐፍ ውስጥ ቦታ አጥቶ የቀረው እሱ ነውና።

ከጥያቄው እንነሣ። ጠያቂዋ የነገሩን ስም ሳትጠራ በመልኩ፣ በግብሩ ወይም በዘመዱ ትገልጸዋለች። ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው ብትል ውሃ ነው። በር የሌለው ቤት ብትል እንቁላል ነው። እነዚህን አፉን የፈታ ሕፃን ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ለማሟሻ ነው የሚጠየቁት። የሚያስቸግሩት ውስጣቸው እርስ በርሱ የሚጣላባቸው ናቸው። እኔ ራሴ የሠራሁትን አንድ ልጥቀስ፦ ልጁ ጣራ ላይ ወጥቶ እናቱ ገና አልተነሣችም። ሰሚው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ልጅና ስለ እናት ነው፤ ነገሩም አይገጥምለትም። እናት ተኝታ ሳለ ልጅ ጣራ ላይ ምን ያደርጋል? እርጥብ እንጨት በሚነድበት ቤት ያደገ ልጅ ግን ዓይኑን ወደ ምድጃው ዞር ካደረገ መልሱን ያገኘዋል። ጢሱ ክዳኑን ሰንጥቆ ይወጣል፣ ነበልባሉ ግን ገና አልተነሣም። "ተነሣች" የሚለው ቃል ለእናትም ለእሳትም መሆኑ ነው ቁልፉ። ኤሌክትሪክ ምድጃ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ይህን ባይፈታ አይፈረድበትም፤ መልሱ ያለው በቃሉ ውስጥና በቤቱ ውስጥ ነው።

አገሩን ራሱን የሚጠይቅም አለ። ሁለት ወንድማማቾች ካንድ ጣራ ወርደው ጀርባ ለጀርባ ተለያዩ፣ ባዕድ አገር ገብተው ተገናኙ። ይህንንም የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ስሠራው በልቤ የነበረው የላይ ጋይንት ተረተር ነው። ከደብረ ታቦር በነፋስ መውጫ አድርጎ ወደ ጨጨሆ የሚወስደው መንገድ በብዙ ቦታ ተረተሩን ይዞ ነው የሚሄደው። እዚያ ላይ ለተሠራ ቤት ክረምት ሲገባ ከጣራው በሰሜን በኩል የወረደው ውሃ ወደ ተከዜ ያዘግማል፤ በደቡብ በኩል የወረደው በስማዳና በታች ጋይንት ቆላ አልፎ በበሽሎ በኩል ዓባይን ይቀላቀላል። ተከዜ ሱዳን ገብቶ ከአትባራ ወንዝ ጋር ሲቀላቀል፣ ዓባይ ካርቱምን አልፎ ሲወጣ፣ አትባራ ከተማ አጠገብ እንደገና አንድ ይሆናሉ። ካንድ ክዳን የወረዱ ሁለት ጠብታዎች ናቸው።

ጥያቄው ከወደቀ በኋላ ቤቱ ገበያ ይሆናል። "ይበላል?" "ቤት ውስጥ ነው ውጭ?" "ነፍስ አለው?" ይባላል። ጠያቂዋ "አይደለም"፣ "ተጠግተሃል"፣ "ርቀሃል" እያለች ትመራለች። አንዱ የጀመረውን ሐሳብ ሌላው ይቀጥልበታል፤ ታናሽ ወንድም በየዋህነት የተናገራት ቃል ለታላቅ እህቱ መንገድ ትከፍታለች። እንቆቅልሽ ብቻን የሚፈታ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። ዛሬ በኮምፒውተርና በስልክ የጀብዱ ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎችም፣ የተዘጋ በር ገጥሟቸው ቁልፉን ሲያጡ፣ በየአገሩ ሆነው ይጠያየቃሉ። ደግ ተጫዋች ፍንጭ ይሰጣል እንጂ መልሱን አይናገርም። በእኛ ቤትም ሕጉ ያው ነበር። መልሱን የሚያውቁ ትልልቆች ቆሎ እየቆረጠሙ ዝም ይላሉ፤ አያቴ ዓይኗን ጨፍና የተኛች መስላ ትቀመጥ ነበር፣ እንዳይታወቅባት። አንድ ምሽት ታላቅ ወንድሜ የእኔን እንቆቅልሽ ቀድሞ ለጎረቤት ልጆች ነግሮ ኖሮ፣ ገና ጥያቄውን ሳልጨርስ ሁሉም መልሱን ጮኹብኝ። ያ ቀን እስካሁን ይቆጨኛል፤ ሳምንት ሙሉ ሳዘጋጀው ነበር የከረምሁት።

መልስ ማሹለክ እንዴት ያለ በደል እንደሆነ መጽሐፍ ቅዱስ በመሳፍንት ምዕራፍ 14 ይመሰክራል። ሶምሶን በሠርጉ ለሠላሳ ሚዜዎች እንቆቅልሽ ጠየቀ፣ ሠላሳ የበፍታ ቀሚስና ሠላሳ ልዋጭ ልብስ አስያዘ፣ ሰባት ቀንም ሰጣቸው። ሊፈቱት ስላልቻሉ ሚስቱን አስፈራርተው በእንባዋ ምስጢሩን አስወጡት። መጨረሻው ደም ሆነ። ንግሥተ ሳባም ወደ ሰሎሞን የሄደችው በእንቆቅልሽ ልትፈትነው ነበር፤ እሷ ግን የምትጠይቀውን በልቧ ይዛ እስከ መጨረሻው ጠበቀች። ሁለቱን ታሪኮች አስተያይቶ ላነበበ፣ አንዱ ጨዋታው ሲፈርስ ሌላው ጨዋታው ሲከበር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ተጠያቂዎቹ ሞክረው ሞክረው "አላወቅሁም" ሲሉ ጠያቂው መልሱን ወዲያው አይናገርም። "አገር ስጠኝ!" ይላል። የተረታው አገር መስጠት አለበት፤ እንደ ድል የተነሣ ንጉሥ። ለካስ ይህ ጨዋታ ግዛት ያለበት ነው። አንዱ "ነፋስ መውጫን ሰጠሁህ" ይላል። ጠያቂው ካልወደደው ይመልሰዋል፦ "እሱን አልፈልግም፣ ሌላ ስጠኝ።" ከዚያ ክርክር ይጀመራል። አርብ ገበያ ይቀርባል፣ ወገዳ ይቀርባል፣ መካነ ኢየሱስ ይቀርባል፣ ደብረ ታቦር ይቀርባል። ጠያቂው ኩሩ ከሆነ ጎንደር ካልተጨመረ አይለቅም። አንዳንዱ ደግሞ ባሕር ማዶ ካልተሰጠው እንቅልፍ አያስተኛም።

ልጅ ሳለሁ ከመንደራችን ወጥቼ አላውቅም ነበር። ከደርዘን በላይ ከተማ ግን ሰጥቻለሁ። ወገዳን አላየሁትም፣ ግን ደጋግሜ ሰጥቼዋለሁ። ስማዳ ቆላ መሆኑን፣ ማሽላ እንደሚበቅልበት የሰማሁት ከአባቴ ወይም ከትምህርት ቤት አልነበረም፤ ወገዳን ተቀብሎ "ከሄደው" ልጅ አፍ ነው። ምክንያቱም አገር የተቀበለ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ይሄዳል። ተቀምጦ በነበረበት መደብ ላይ ሆኖ፣ በቃል ይጓዛል፦ እዚያ አገር ስገባ እንዲህ ተቀበሉኝ፣ ይህን አበሉኝ፣ ያን አጠጡኝ፣ ከማን ጋር ተቀመጥሁ፣ ምን ለበስሁ። ጠጁ፣ ሙክቱ፣ በቅሎው፣ የሐር ካባው ሁሉ ይመጣል። ከዚያ ወደ ተረታው ይዞራል፦ አንተ ግን እደጅ ቀረህ፣ ውሻ ጮኸብህ፣ የደረሰህ አመድ ነው። ቤት በሚመታና ፈጠን በሚል አነጋገር የሚባል ነው፤ ልጅ ሁሉ የየራሱ አለው። ስድቡ ግን ቂም የለውም። ቤቱ በሳቅ ይናወጣል፣ የተሰደበውም አብሮ ይስቃል፣ የሚቀጥለው ተራ የእሱ ሊሆን ይችላልና። መልሱ የሚነገረው ጉዞው ካለቀ በኋላ ነው።

ይህን ሥርዓት ባሰብሁት ቁጥር ይደንቀኛል። ተሸናፊው የሚሰጠው አንድ ስም ብቻ ነው። ከዚያ ስም ውስጥ ከተማ አቁሞ፣ መንገድ ጠርጎ፣ ግብር አብልቶ የሚያሳየው አሸናፊው ነው። ሰምቶ የማያውቀውን አገር ከተሰጠው የግድ ይፈጥረዋል። የተረታውም በከንቱ አልተረታም፤ የሰጠው አገር ተሞልቶ፣ ሰው ገብቶበት፣ ምግብ ተሠርቶበት ይመለስለታል። እኔ ካርታ ያየሁት ስድስተኛ ክፍል ስደርስ ነው። በዚያ ካርታ ላይ ደብረ ታቦርን፣ ጎንደርን፣ ደሴን ሳገኝ እንደ ቀድሞ ርስቴ ነበር የቆጠርኋቸው፤ የትኛውን ለማን እንደሰጠሁት ሁሉ ትዝ ይለኛል።

የዚህ ምድር ሰው አማርኛን ሩቅ አገር ድረስ የወሰደበት ጊዜም አለ። የበጌምድሩ ተወላጅ አለቃ ታየ ገብረ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ በርሊን ሄደው አማርኛ አስተምረዋል። በዚያው በበርሊን የነበረው የአማርኛ ተመራማሪ ኦይገን ሚትቮኽ በኋላ የሐበሻ ልጆችን ጨዋታዎች በአማርኛ ጽሑፍ አሳትሟል። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮልም እ.ኤ.አ. በ1935 ስለ ኢትዮጵያ ጨዋታዎች ራሱን የቻለ መጽሐፍ አውጥቷል። እነዚህ ሰዎች ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። የወረቀት ነገር ሆኖ ግን ሳቁና ክርክሩ ከነሙቀቱ አይታተምም።

እንቆቅልሽ በአገሬው መካከል የሚዛመተው በሌላ መንገድ ነው። አንደኛው እረኝነት ነው፤ ማታ የተሰማችው ጥያቄ ጠዋት ከከብቱ ጋር ተነድታ ሜዳ ትደርሳለች፣ ከሌላ መንደር እረኛ ጋር ትገናኛለች፣ ማታ ወደማታውቀው ቤት ትገባለች። ሁለተኛው ጋብቻ ነው። ከእስቴ የመጣች ሙሽራ በልቧ ይዛ የምትመጣው ሌላ ነው። ያጎቴ ሚስት ወደ ቤታችን በመጣች በመጀመሪያው ወር አፏን ከፍታ እምብዛም አልተናገረችም፤ አንድ ምሽት ግን ከጓዳ በኩል በቀጭን ድምፅ "እንቆቅልሽ" አለች። ያን ማታ ሁላችንም አገር አልቆብን ነበር። ከዚያ በኋላ በቤታችን አፍራ አልተቀመጠችም።

ይኸው ልማድ ሲያድግ ቅኔ ቤት ይገባል። ጋይንት የቤተ ልሔም ድጓ ምድር ነው፤ ድጓን ሊያስመሰክር የሚሻ ዜመኛ ከየአቅጣጫው የሚመጣበት። ለቅኔ ደግሞ ከጨጨሆ ወዲያ ዋድላ፣ ከዓባይ ማዶ በጎጃም ጎንጅና ዋሸራ ስማቸው የተጠራ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ ቁራሽ ለምኖ የሚማር ልጅ መጀመሪያ የሚቆጥረው ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃናን ነው፤ ቀስ በቀስ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። የቅኔው ሰም ለሁሉም ይሰማል፣ ወርቁ ግን ይፈለጋል። ጓደኞቹ ተሰብስበው "ወርቁ ምንድን ነው?" እያሉ ሲከራከሩ ላየ፣ በምድጃ ዙሪያ ከነበሩት ልጆች የሚለዩት በዕድሜና በግእዙ ነው። እናትንና እሳትን በአንድ "ተነሣች" ያሰረ ልጅ ሰምና ወርቅን ለመቀበል ጆሮው ተዘጋጅቷል። እናቶች ምሽት ላይ ልጆቻቸውን እንቆቅልሽ ሲያጫውቱ ይህን አስበው ባያደርጉትም፣ ያስጀመሯቸው ትምህርት ይህ ነው።

አሁን በገጠሩም የፀሐይ መብራት ገብቷል፣ ስልክም በየቤቱ አለ። ብርሃን መምጣቱን የሚጠላ የለም፤ ኩራዝ ዓይን ያጠፋል። ሆኖም ልጆች ወደ አንድ ፍም የሚጠጉበት ምክንያት እየሳሳ ነው። እንቆቅልሽ ደግሞ መጠጋጋትን ይፈልጋል፤ ቢያንስ ጠያቂ፣ ተጠያቂና አብሮ የሚስቅ ሦስተኛ ሰው።

ባለፈው ክረምት ነፋስ መውጫ ያለችው እህቴ ስልክ ደወለች። ከጀርባዋ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ይሰማል። የስምንት ዓመት ልጇ ስልኩን ተቀብላ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ "አጎቴ፣ እንቆቅልሽ!" አለችኝ። "ምን አውቅልሽ!" አልሁ፤ ከአፌ የወጣው ሳላስበው ነው። ጠየቀችኝ። አንድ ሞከርሁ፣ "አይደለም።" ሁለተኛ ሞከርሁ፣ "ርቀሃል።" እህቴ ከጎን ሆና ስትስቅ ይሰማኛል፣ ፍንጭ ግን አልሰጠችኝም። አላወቅሁም አልኋት።

"አገር ስጠኝ!"

"አዲስ አበባን ሰጠሁሽ።"

"እሱንማ አንተ ተቀምጠህበታል። ሌላ!"

ጎንደርን አቀረብሁ፤ ትናንት እናቷ ሰጥታታለች። ደሴን አቀረብሁ፤ እሱንም ወስዳዋለች። በልጅነቴ ደጋግሜ የሰጠሁት ትዝ አለኝና "ወገዳን" አልኋት። ትንሽ ዝም አለች። "ወገዳ የት ነው?" ብላ እናቷን ስትጠይቅ ሰማኋት፤ "ስማዳ ነው፣ ቆላ" አለቻት። "እሺ ተቀብያለሁ" አለችና ጉዞዋን ጀመረች። ወገዳ ስትገባ የማሽላ እሸት አበሏት፣ ማር አቀረቡላት፣ ቀይ ጃንጥላ ያዙላት፤ እኔ ግን በሩ ተዘግቶብኝ ዝናብ ላይ ቀረሁ። የማሽላ እሸት ያለችው ከየት አምጥታ እንደሆነ አላውቅም፤ ደጋ ላይ የተወለደች ልጅ ናት። መልሱን ልትነግረኝ ስትል የእህቴ ካርድ አለቀ። መልሼ ስደውል መስመሩ አልገባም፤ በማግስቱም ስደውል ልጅቷ ከብት ይዛ ወጥታለች፣ መልሱን እህቴ አልናገርም አለችኝ።