ወይን ይሞቃል እንጂ አይፈላም

በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የእህቴን ልጅ ልጠይቅ ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት ሄጄ ነበር። በደረስኩ በሁለተኛው ቀን ማታ “ጋሼ፣ ቤት ውስጥ ምን ያደርጋሉ? ይነሱና የገና ገበያውን ላሳይዎት” ብሎ ይዞኝ ወጣ። ካፖርቴ ለላፍቶ ንፋስ እንጂ ለዚያ አገር ብርድ የተሰፋ አልነበረም። ሮመርበርግ የሚባለው አሮጌ አደባባይ ስንደርስ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። ልጁ አንድ የእንጨት ዳስ ፊት ተሰልፎ ሁለት የሸክላ ኩባያ ይዞ መጣ። ይተናል፤ ቀረፋና ቅርንፉድ ይሸታል። ቅመም ሻይ መስሎኝ አንዴ ሳብ ባደርገው ወይን ሆኖ አገኘሁት። ትኩስ ወይን!

እውነቱን ለመናገር ደነገጥኩ። እኔ በማውቀው ዓለም ወይን የሚሞቀው ፀሐይ ላይ የረሳው ሰው ሲኖር ነው። ሁለተኛውን ኩባያ ግን ራሴ ተሰልፌ ገዛሁ።

ጀርመኖች ይህን መጠጥ ግሉቫይን ይሉታል፤ “የጋለ ወይን” እንደ ማለት ነው። ስዊድኖች ግሎግ የሚሉት የቅርብ ዘመዱ ነው። በየዳሱ አብሮት የሚሸጠው ሌላው ትኩስ መጠጥ ፓንች ነው። የፓንች ስም ከህንድ የመጣና “አምስት” ማለት እንደሆነ ይነገራል፤ አረቄ፣ ስኳር፣ ሎሚ፣ ውኃና ቅመም (ወይም ሻይ) አምስት ይሞላሉና። ለልጆች ደግሞ አልኮል የሌለው፣ ከፍራፍሬ ጭማቂና ከቅመም የሚሠራ ፓንች አለ። እኔን ያስቀናኝ እንዲያውም እሱ ነው። አባት፣ እናትና ልጅ አንድ ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመው፣ ሦስቱም ትኩስ ኩባያ ይዘው ያወራሉ። መቀመጫ የለም፤ ብርዱም ብዙ አያስቆይም፤ ኩባያ አንድ ወይም ሁለት ይጠጣና ወደ ቤት ይገባል።

እዚህ ላይ አንባቢዬ “ታኅሣሥ መጀመሪያ ጾም አይደለም እንዴ?” ሊለኝ ይችላል። ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ የፈረንጆቹ ገና ራሱ በእኛ ታኅሣሥ 16፣ እጾሙ መሐል ነው የሚውለው። ግን ነገሩ ለእነሱም እንዲሁ ነበር። ከገና በፊት ያሉት ሳምንታት በድሮው ሥርዓታቸው የጾም ወቅት ነበሩ፤ ቅቤ አይበላም። የድሬስደን ከተማ የገና ዳቦ በቅቤ እንዲጋገር የሳክሶኒ ገዥዎች ሮም ድረስ አቤት ብለው፣ ፈቃዱ በደብዳቤ የመጣላቸው እ.ኤ.አ. በ1491 ነው። “የቅቤ ደብዳቤ” ይባላል። ያን ጊዜ የድሬስደን የገና ገበያ ከተጀመረ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ ጅማሬው 1434 ነውና። ሕግ ተምሬ እንደዚህ የሚጣፍጥ ሰነድ አላጋጠመኝም።

ሕግን ካነሳሁ፣ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ዋናው ነገር እሱው ነው። በማግስቱ ሱቅ ገብቼ በጠርሙስ የታሸገ ግሉቫይን አነሳሁና እንደ ልማዴ የተለጠፈበትን ወረቀት እንዲያነብልኝ የእህቴን ልጅ ጠየቅሁት። ከዚያ ቤት ገብተን ደንቡን ፈለግን። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ቁጥር 251 ደንብ ግሉቫይን ምን እንደሆነ ቁልጭ አድርጎ ይተረጉማል። ከወይን ብቻ መሠራት አለበት። ማጣፈጫው በዋናነት ቀረፋ ወይም ቅርንፉድ ወይም ሁለቱም ነው። አልኮሉ ከመቶ ሰባት እጅ ማነስ የለበትም። ለማጣፈጥ ሲባል አብሮ ከሚገባው በቀር ውኃ መጨመር ክልክል ነው። ከነጭ ወይን ከተሠራ ደግሞ ይኸው መጻፍ አለበት። ይህን ያላሟላ መጠጥ አይሸጥ አልተባለም፤ በዚህ ስም አይሸጥ ነው የተባለው። ልዩነቱን ልብ ይሏል።

ዕድሜውም የተለየ ነው። በጀርመን ሕግ ወይን ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ መሸጥ ይቻላል፤ እዚያው ኩባያ ውስጥ ሩም ጠብ ከተደረገበት ግን አሥራ ስምንት መሙላት ይጠይቃል። የእኛው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሁለቱንም አያውቅም፤ ከሃያ አንድ ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል አይሸጥም፣ አለቀ። በዚህ በኩል የእኛን እመርጣለሁ።

ላፍቶ ስመለስ ነገሩ አልወጣልኝ አለ። ለገና ዋዜማ ሞከርኩት። ለዚህ መጠጥ የሚጠፋ ዕቃ እኛ ዘንድ የለም፦ ቀረፋውና ቅርንፉዱ ከሰፈር ሱቅ፣ ብርቱካኑ ከአትክልት ተራ፣ ወይኑ የአዋሽ ጉደር። አንድ ጠርሙስ ጉደር ድስት ውስጥ ገልብጬ፣ ሁለት ስንጥር ቀረፋ፣ አምስት ስድስት ፍሬ ቅርንፉድ፣ በስሱ የተቆረጠ አንድ ብርቱካን፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ጨመርኩ። ጉደር ደረቅ ስለሆነ ነው ስኳሩ፤ በአክሱሚት የሚሠራ ሰው ወይኑ ራሱ ጣፋጭ ነውና ስኳሩን ይተወው።

የመጀመሪያውን ድስት አበላሸሁት። አፈላሁት። ትልቁ ስሕተት ይኼ ነው፤ ሲፈላ አልኮሉ በእንፋሎት ይሄዳል፤ ቅርንፉዱ መራራ ይሆናል፤ የሚቀረው የተቀቀለ ወይን ጠጅ የሚመስል ነገር ነው። ንጹሕ አልኮል በባሕር ጠረፍ በ78 ዲግሪ ይፈላል። ላፍቶ ግን ከ2,200 ሜትር በላይ ናት፤ ውኃው ራሱ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይንተከተካል፤ አልኮሉ ደግሞ 72 ገደማ ላይ ይነሳል። ስለዚህ የፈረንጁን መመሪያ የሚከተል የላፍቶ ሰው እሳቱን ከእነሱ ቀደም ብሎ መቀነስ አለበት። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው (እኔም የለኝም) የድስቱ ጠርዝ ላይ ደቃቅ አረፋ መታየት ሲጀምር ያውርደው፤ ከድኖም ሃያ ደቂቃ ያህል ያቆየው። ቅመሙ በዚያ ጊዜ ይገባል።

ለገና ዕለት ቡና ልንጠጣ የመጡ አንዲት ጎረቤቴ፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ፣ ድስቱን ከፍተው አዩና “ወይን ቀቀልክ? በል እግዜር ይማርህ” አሉኝ። ቀመሱት ግን። ቀመሱና “ለምን በጠጅ አትሠራውም? ማር እያለ ስኳር ምን ያደርጋል?” አሉ። ነገሩ ትክክል መሰለኝ፤ ፖላንዶችም የማር ወይናቸውን በቅመም አሙቀው ይጠጣሉ። ወዲያው ልጅ ልኬ ከሰፈራችን ጠጅ ከሚሸጥበት ቤት አንድ ሊትር አስመጣሁ። “ንጹሕ የማር” ተብሎ፣ በንጹሕ የማር ዋጋ ተከፍሎበት።

ለብ ሲል ጉዱ ወጣ። ቀዝቃዛ ጠጅ ብዙ ነገር ይደብቃል፤ ሙቀት ግን ሽታውን ሁሉ አውጥቶ ያሰጣዋል። የማር ጠጅ ሲሞቅ አበባ አበባ ይሸታል ብለውኝ ነበር። የእኛው የሸተተው ጌሾና ሆምጣጤ ነው። ሴትየዋ ጎንበስ ብለው አሸተቱና “ይኼማ ስኳር ነው” አሉ። ወጣት ሳሉ ጠጅ ይጥሉ ነበር፤ አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውኃ፣ ከዚያ ጌሾ፣ ከዚያ ትዕግሥት። በዚህ አጠራጣሪ ነገር አይኖርም።

እንግዲህ በማር ምርት ከአፍሪካ አንደኛ በሆነች አገር፣ የማሩም ብዙው ለጠጅ በሚውልበት አገር፣ በገና ቀን የስኳር ውኃ በማር ዋጋ ጠጣሁ ማለት ነው። ሕጉ ዝም አላለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 የንግድ ዕቃን ከባዕድ ነገር ቀላቅሎ መሸጥን ይከለክላል፤ ሸማቹ ስለሚገዛው ነገር ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ጥያቄው ስኳር ለጠጅ “ባዕድ” ነው ወይ የሚለው ነው። ሻጩ “ጠጅ ሁሌም ትንሽ ስኳር አለው” ብሎ ቢከራከረኝ፣ በየትኛው ልኬት ነው የምረታው? በአንድም ጠጅ ቤት ግድግዳ ላይ ይህን ያህል ማር አለው የሚል ነገር ተጽፎ አይቼ አላውቅም። ክልከላ ያለ ትርጉም በአየር ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ የግሉቫይኑ ደንብ የበለጠን በቅጣት ሳይሆን በትርጉም ነው።

“ቁጥጥር ይምጣ ስትል ጠጅ ጥለው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶችን ልታዘጋባቸው ነው” የሚል ወዳጅ አለኝ። ስጋቱን አልንቀውም። እኔ የምለው ግን ማንም እንዲዘጋ አይደለም። የስኳር ጠጅም ይሸጥ፤ ርካሽ ነው፣ ገዥ አለው። “የማር” እና “የስኳር” የሚሉ ሁለት ቃላት ብርሌው ፊት በኖራ ቢጻፉ ማን ይጎዳል? የሚጎዳው እውነተኛውን ማር ገዝታ፣ በዋጋ ተበልጣ ገበያዋን የምታጣው ሴት ናት፤ እሷ አሁንም እየተጎዳች ነው።

በከተማችን ለዓመታት መስቀል አደባባይ አጠገብ በነበረው ኤግዚቢሽን ማዕከል የገና ባዛር ሲካሄድ እሄድ ነበር። ብርድ ልብስ፣ ጫማ፣ የወጥ ቤት ዕቃ፣ ጆሮ የሚበጥስ ድምፅ ማጉያ፣ የቢራ ድንኳን። የጠጅ ዳስ አላየሁም። ምናልባት ቢኖርም “የምን ጠጅ ነው?” ብዬ ስጠይቅ የሚመልስልኝ አላገኝም ነበር።

ከፍራንክፈርት ያመጣሁት አንድ የሸክላ ኩባያ አለኝ። እዚያ ኩባያው በመያዣ ገንዘብ ነው የሚሰጠው፤ ከመለስክ ገንዘብህን ትወስዳለህ፣ ካልመለስክ መያዣው እዚያው ይቀራል። የእህቴ ልጅ “ሰረቁ እኮ ጋሼ” ብሎ ሲስቅብኝ፣ ሽያጭ ነው ወይስ ውል ማፍረስ በሚለው እስከ ቤት ድረስ ተከራክረናል። በተከታዩ ዓመት ጎረቤቴ ለገና ራሳቸው በማር የጣሉትን ጠጅ በጆግ ይዘውልኝ መጡ። በዚያው ኩባያ ቀዳሁና ወደ ምድጃው ሳመራ ክንዴን ያዙኝ።

“ይኼንን አታሞቀውም” አሉ። “ይኼ የሚደብቀው ነገር የለውም።”