በረት ባዶ በሆነ ጊዜ፤ በጸሎተ ዕንባቆም ምዕራፍ 3 ቍጥር 17 እና 18 ላይ የተጻፈ ሐተታ

የነቢዩ ዕንባቆም ጸሎት በዳዊት መጽሐፍ ውስጥ ከጸሎተ ነቢያት ጋራ ተጽፎ ስለሚገኝ ካህናት ያደርሱታል፤ መኳንንትም ያደርሱት ነበር። ነቢዩ በዚህ ጸሎት ፍጻሜ ሊያጣው የሚችለውን ሁሉ አንድ በአንድ ይቈጥራል፤ በለሱንና ወይኑን፥ ወይራውንና የእርሻውን እህል፥ የበጎቹን ጉረኖና የላሞቹን በረት ሳይቀር ይጠራል። ይህን ሁሉ ከቈጠረ በኋላ ግን ደስታውን በእግዚአብሔር ያደርጋል።

ስለ ምን ቈጠረ ቢሉ፤ ሃይማኖት ጉዳትን መካድ እንዳይደለ ሊያስረዳ ነው፤ በረቱ ባዶ ሲሆን ሞልቷል አላለምና። አንድም፤ ደስታውን በስጦታው ሳይሆን በሰጪው ላይ እንዳጸና ሊያስታውቅ ነው፤ ስጦታው ቢያልፍ ሰጪው አያልፍምና።

የዚህ ቃል ምሥጢር በኢትዮጵያ ምድር ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በክፉ ቀን ዘመን በግልጥ ታየ። የከብት ዕልቂት ከምፅዋ ወገን ገብቶ የእርሻውን በሬ ፈጀ፤ ዝናም ታጣ፤ አንበጣና ተምችም የተረፈውን በላ። በዚያን ጊዜ ዳግማዊ ምኒልክ፥ በሬ ያለቀበት ሰው ተስፋ ቈርጦ እንዳይቀመጥ፥ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቈፈር ለመኳንንቱ ምሳሌ ሆኑ። ከዚህም ጸሎት እጅን ከሥራ እንደማያስፈታ ይታወቃል። ያ የከብት በሽታ እንኳ ብዙ ዘመን ከብቱ ሲከተብ ኖሮ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ ተነገረ።

በወልድያና በመርሳ አቅራቢያ ባለው በሐራ ቈላ ማሽላ የሚዘራ ገበሬ ይህን ትምህርት በሥራው ያውቀዋል። የበልጉ ዝናም ሲዘገይበት ወይም ቡቃያው ሲደርቅበት፥ መሬቱን እንደ ገና አርሶ በክረምቱ ዝናም ቶሎ የሚደርሰውን ጤፍ ይዘራል። ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ቍጥር 7 ዝናምን የሚጠብቀውን ገበሬ የትዕግሥት ምሳሌ አድርጎታል። ስለዚህ ትዕግሥት ማለት እጅን አጣምሮ መቀመጥ ሳይሆን፥ ዘሩ አንድ ጊዜ የጠፋበት ሰው ሁለተኛ ለመዝራት መጨከን ነው።

ነገር ግን ዘር ያለቀበት ገበሬ ምን ይዝራ? በዚህ ስፍራ ትምህርቱ ወደ ባለጎተራው ይመለሳል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በተራበ ጊዜ የሕዝቡ ጭንቅ ተሸፍኖ ስለ ቈየ ርዳታው ዘገየ፤ ብዙ ነፍስም ጠፋ። ነቢዩ ጉዳቱን በእግዚአብሔር ፊት ገልጦ ቈጠረ፤ የሕዝቡን ጉዳት የሚሸሽግ ሹም ግን ይህን ጸሎት በአፉ እየደገመ በሥራው ያፈርሰዋል። የተራበውንም ሰው በኃጢአቱ ተቀጣ ብሎ መፍረድ አይገባም፤ የሰሊሆም ግንብ ስለ ወደቀባቸው ሰዎች ጌታ እንዲህ ያለውን ፍርድ ከልክሏልና፤ ሉቃስ ምዕራፍ 13 ቍጥር 4።

ጌታ ባስተማረው ጸሎትም እንጀራ የሚለመነው ለአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ለሁሉ ነው። ስለዚህ እንጀራ ያለው ሰው አቡነ ዘበሰማያት በደገመ ቍጥር ለተራበው ጎረቤቱ ይለምናል፤ በወሎም ጎረቤት ክርስቲያንም እስላምም ነው። ልመናው በእጁ ባለው እህል ሊፈጸም ሲቻል ጎተራውን የዘጋ ሰው፥ የለመነውን ራሱ ከለከለ። እንግዲህ ካህን ትዕግሥትን ከማስተማሩ አስቀድሞ የምእመናኑን ጉድለት ይቍጠር፤ ባለጠጋም አሜን ከማለቱ አስቀድሞ ጎተራውን ይክፈት። ያን ጊዜ በባዶ በረት ፊት የቆመው ሰው፥ ሰጪው እንዳልተለወጠ በጎረቤቱ እጅ ያያል።