ከጎልማሳነት በኋላ ወደ ዋና ውድድር መመለስ

በተማሪነትዎ ዘመን ዋናተኛ ነበሩ እንበል። ከዚያ በኋላ ትምህርቱ አለቀ፤ ሥራው መጣ፤ ቢቸና ወይም ሞጣ ተመድበው ከመዝገብና ከማኅተም ጋር ሲውሉ ዐሥራ አምስት ዓመት አለፈ። አሁን ደግሞ «እንደ ገና ብወዳደርስ?» የሚል አሳብ መጣብዎ። አሠልጣኝ የለም፤ ይልቁንም «በዚህ ዕድሜ!» ብሎ የሚስቅ አይጠፋም። ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ የተጻፈ ነው። ተማሪ የሆነ አንባቢም ቢያነበው አይከስርበትም፤ እርሱም አንድ ቀን 40 ዓመት ይሞላዋልና።

በመጀመሪያ ስለ ዕድሜ እንነጋገር። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አትሌት ማሞ ወልዴ በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ በአጭርና በመካከለኛ ርቀት ሮጠው ያለ ሜዳልያ ተመለሱ። በ1968 በሜክሲኮ ማራቶንን ሲያሸንፉ ዕድሜያቸው 36 ነበር፤ በ1972 በሙኒክ ሦስተኛ ሲወጡ 40 ሞልቷቸው ነበር። በዋናም እንዲሁ ነው። አሜሪካዊቷ ዳራ ቶረስ በ2008 በቤጂንግ በ41 ዓመቷ ሦስት የብር ሜዳልያ አገኘች፤ በ50 ሜትር ወርቁን ያጣችው በአንድ መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነው። ጃፓናዊቷ ሚዬኮ ናጋኦካም በ2015 በ100 ዓመታቸው 1,500 ሜትር ዋኝተው ጨርሰዋል። ለጎልማሶች የተዘጋጀ የዓለም ሻምፒዮናም አለ፤ ከ25 ዓመት ጀምሮ ተወዳዳሪዎች በየአምስት ዓመቱ የዕድሜ ክፍል ስለሚመደቡ፥ የ40 ዓመቱ ሰው ከ20 ዓመቱ ጎረምሳ ጋር አይጋፋም።

ነገር ግን ዳራ ቶረስ በዙሪያዋ አሠልጣኞችና የመታሻ ባለሙያዎች ነበሯት። እርስዎ የሉዎትም። ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «አሠልጣኝ ምን ይሠራል?» የሚለው ነው። ሥራው በአጭሩ ሦስት ነው፤ ዋናተኛው ራሱ የማያየውን ያይለታል፤ ይመዘግብለታል፤ «በቃ» ይለዋል። አሠልጣኝ የሌለው ሰው እነዚህን ሦስት ሥራዎች ለሌላ ማከፋፈል አለበት እንጂ ሊተዋቸው አይችልም።

የመጀመሪያው ማየት ነው። ውሃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል ይወፍራል፤ ስለዚህ በውሃ ውስጥ ጉልበት ብቻውን ብዙ አያስኬድም። ራሱን ቀና የሚያደርግ ዋናተኛ ወገቡና እግሩ ወደ ታች ይሰምጣሉ፤ እንደ ፍሬን ሆነውም ይይዙታል። ዓይን ወደ ታች፥ ሰውነት እንደ ጣውላ ጠፍጣፋ መሆን ይገባዋል። ይህን እርስዎ ራስዎን ማየት አይችሉም፤ ወዳጅዎ ግን ዳር ቆሞ በእጅ ስልኩ ሊቀርጽልዎ ይችላል። ከዚህም በቀር 25 ሜትር ለመጨረስ ስንት ጊዜ እንደ ቀዘፉና ስንት ሰከንድ እንደ ፈጀብዎ ቆጥረው ሁለቱን ይደምሩ። ድምሩ ሲቀንስ ዋናው ተሻሽሏል ማለት ነው።

ሁለተኛው መዝገብ ነው። ለመንግሥት ሥራ መዝገብ የሚይዝ ሰው ለገዛ ሰውነቱ አንድ ደብተር ማጣት የለበትም። ቀኑን፥ ርቀቱን፥ ጊዜውን፥ ቦታውንም ይጻፉ። ቦታው የሚጻፍበት ምክንያት አለው፤ ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋሉ፤ በዚህ ከፍታ የሚተነፈሰው ኦክሲጅን ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ባሕር ዳር ከተማ ግን በ1,800 ሜትር ገደማ ናት። በአንዱ ቦታ የተያዘ ጊዜ ከሌላው ጋር አይመዛዘንም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በ20 ዓመትዎ የያዙትን ጊዜ በደብተሩ ላይ አይጻፉት። ያ የሌላ ሰው ጊዜ ነው። የእርስዎ ሪኮርድ የሚጀምረው ዛሬ ነው።

ሦስተኛው «በቃ» ማለት ነው፤ ይህም ከሁሉ ይከብዳል። ጡንቻ ቶሎ ይበረታል፤ ጅማት ግን ይዘገያል፤ ስለዚህ የጎልማሳ ዋናተኛ ትከሻ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ጉልበቱ ተመለሰ ብሎ ደስ በሚለው ሰዓት ነው። አስቀድመው ሐኪም ዘንድ ሄደው የደም ግፊትዎንና ልብዎን ያስመርምሩ። ውሃ ባገኙ ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል፤ ጾመኛ ከሆኑ ከረቡዕና ከዓርብ ውጭ ያሉትን ይምረጡ። በመጀመሪያው ሳምንት 400 ሜትር፥ እርሱም በ50 በ50 ተከፍሎ፥ በየመካከሉ 30 ሰከንድ እያረፉ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ከዐሥር አንድ እጅ በላይ አይጨምሩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ትከሻ ከወጋ ያን ቀን ማቆም ነው።

ገንዳ በአጠገብዎ ከሌለስ? የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ከምሰሶ ጋር አስረው የቀዘፋውን እንቅስቃሴ በየማለዳው ይለማመዱ፤ ዳገት በፍጥነት መራመድም ሳንባን ያዘጋጃል። የዓመት ፈቃድዎን ገንዳ ወዳለበት ከተማ ሄደው ለመዋኘት ያውሉት።

ገንዳ አጣሁ ብለው ግን ብቻዎን ወደ ዓባይ አይውረዱ። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወርዱ ሰባራ ድልድይ አለ። በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው ይህ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተቆረጠ በኋላ፥ የጎጃምና የበጌምድር ሰው ለብዙ ዓመታት የተሻገረው በገመድ ተንጠልጥሎ፥ ከወዲያና ከወዲህ በቆሙ ሰዎች እየተጎተተ ነው። ድልድዩ በ2002 ቢጠገንም በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 በኬብል የተንጠለጠለ ድልድይ ተሠራ። ወንዙን አጥብቆ የሚያውቀው የአገሩ ሰው እንኳ ሕይወቱን ለክንዱ ሳይሆን ገመዱን ለያዙለት ሰዎች ዐደራ ሰጠ። በዓባይ ሸለቆ አዞ አለ፤ በጣና ሐይቅ ደግሞ ጉማሬና የቢልሃርዝያ በሽታ አለ።

በገንዳም ቢሆን ያለ ጓደኛ አይዋኙ። በተለይ ውሃ ውስጥ ለመቆየት ብለው አስቀድመው ደጋግመው በኃይል አይተንፍሱ። ይህ አተነፋፈስ የተቃጠለውን አየር ከደም ስለሚያስወጣ፥ «ተንፍስ» የሚለው የሰውነት ደወል ሳይሰማ ሰው ራሱን ይስታል። ብርቱ ዋናተኞች ሳይቀሩ በዚህ ሞተዋል።

እንግዲህ አሠልጣኝ አለመኖር ብቻ መሆን አይደለም። አንድ ደብተር፥ አንድ ሰዓት፥ ዳር የሚቆም አንድ እውነተኛ ወዳጅ ካለዎት የቀረው የእርስዎ ትዕግሥት ነው። በውድድሩ ቀን መጨረሻ ቢወጡም ከውሃው ሲወጡ ደብተርዎን ይግለጡ፤ ካለፈው ወር አንድ ሰከንድ ከቀነሱ ያሸነፉትን ያውቁታል።