ባለ ቀንዱ አባጨጓሬ ማን ነው?

ድንች ሲኮተኩቱ ወይም ቲማቲም ሲለቅሙ ከ12 እስከ 13 ሴንቲሜትር የሚረዝም፣ ከአውራ ጣት የወፈረ፣ ጅራቱ ላይ ቀንድ ያበቀለ አባጨጓሬ ድንገት ሲያጋጥም ማንም ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ብዙ ጊዜ የሚከተለው ዱላ ነው። እኔ ግን ከዱላው በፊት ስልክ እንዲወጣ እለምናለሁ። በደንብ የተነሣ ፎቶግራፍ ይህ ፍጥረት ማን እንደሆነ፣ ሰው ይጎዳ እንደሆነና አድጎ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ይበቃል።

በአገራችንም ሆነ በሌላው አፍሪካ ድንች ላይ እንዲህ ያለ ግዙፍ ባለ ቀንድ አባጨጓሬ ሲገኝ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ አኬሮንቲያ አትሮፖስ የተባለው ትልቅ የእሳት እራት እጭ ነው። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ለሳይንስ ያስመዘገበው ነው። ምግቡ ድንች፣ ቲማቲም፣ ትምባሆና በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው አጠፋሪስ ሲሆን፣ አራቱም ተክሎች የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ስለዚህ አባጨጓሬውን ለመለየት ከሚረዱት ምልክቶች አንዱ የተቀመጠበት ቅጠል ነው።

ቀለም ግን ያሳስታል። ያው ዝርያ አረንጓዴ፣ ደማቅ ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። አረንጓዴውና ቢጫው በየጎኑ ሰባት ሰያፍ መስመሮች አሉት፤ መስመሮቹ ወደ ሰማያዊና ሐምራዊ ያደላሉ። ከሁሉ የሚታመነው ምልክት ቀንዱ ነው። የጎለመሰው አባጨጓሬ ቀንድ በትናንሽ እብጠቶች የተሸፈነ ሻካራ ሲሆን፣ ወደ ታች ከወረደ በኋላ ጫፉ መልሶ ወደ ላይ ይታጠፋል። በስኳር ድንች ላይ የሚገኘው ዘመዱ አግሪየስ ኮንቮልቩሊ በመጠን ቢቀራረብም ቀንዱ ልሙጥ ነው፤ የሚታጠፈውም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው።

እንግዲህ ፎቶግራፉ እነዚህን ምልክቶች መያዝ አለበት። አንደኛው ከጎን ይነሣ፤ መስመሮቹና የመተንፈሻ ቀዳዳዎቹ የሚታዩት በዚያ በኩል ነው። ሌላው ቀንዱን ብቻ አቅርቦ ያሳይ። ሦስተኛው ተክሉን ከነቅጠሉ፣ ካለውም ከነአበባው ይያዝ። አጠገቡ ማስመሪያ ወይም ሳንቲም ማስቀመጥ መጠኑን ከግምት ያድናል። ስልክ በጣም ሲጠጋ ምስሉ ስለሚደበዝዝ ትንሽ ራቅ ብሎ አንሥቶ በኋላ ትርፉን መቁረጥ ይሻላል። የቀትር ፀሐይ የቆዳውን ዝርዝር ስለሚያጠፋው ጠዋት ወይም ጥላ ውስጥ ይነሣ። አባጨጓሬው ቅጠል መስሎ ከተሰወረ መሬቱን ማየት ነው፤ በርሜል የሚመስሉ፣ ቦይ ቦይ ያላቸው ትልልቅ ኩሶች ከወደቁ ባለቤታቸው ከበላያቸው ነው።

ፎቶው የተነሣበት ቦታና ቀንም መመዝገብ አለበት። አሜሪካ ውስጥ ጓሮው ቲማቲም የተከለ ወገናችን ተመሳሳይ አረንጓዴ ባለ ቀንድ አባጨጓሬ ሊያገኝ ይችላል፤ እዚያ ግን የሚጠረጠሩት ማንዱካ የተባለው ወገን ዝርያዎች ናቸው። ቦታ ያልተጻፈበት ፎቶ ባለሙያንም ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የተጀመረው አይናቹራሊስት የተባለው መተግበሪያ ከምስሉ ተነሥቶ ስም ይጠቁማል፤ ከዚያም ሌሎች ተመልካቾች አይተው ያጸድቃሉ ወይም ያርማሉ። የማሽኑ ጥቆማ መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ቀንዱንና ተክሉን ከጥቆማው ጋር ማስተያየት የባለ ፎቶው ሥራ ነው።

ይህ አባጨጓሬ የሚናደፍ ፀጉርም መርዝም የለውም። ሲነካ የፊት አካሉን ቀና አድርጎ ጭንቅላቱን ይሸጉጣል፤ መንጋጋውንም እያጋጨ ቀጭ ቀጭ ያሰማል። የጅራቱ ቀንድ አይወጋም። ጠግቦ ሲጨርስ ቀለሙ ይጠቁራል፤ ከተክሉም ወርዶ አፈር ውስጥ ይቀበራል። ሜዳ ላይ ሲሄድ የሚታየውም አብዛኛውን ጊዜ ያን ጊዜ ነው።

ከአፈር ሲወጣ ክንፉ ተዘርግቶ እስከ 13 ሴንቲሜትር የሚደርስ፣ ጀርባው ላይ የራስ ቅል የሚመስል ምልክት ያለው የእሳት እራት ሆኖ ነው። ሲይዙት አየር በጉሮሮው ስቦ እያስወጣ ይጮኻል። ማር ይወዳል፤ ሌሊት ቀፎ ገብቶ በአጭርና ጠንካራ ምላሱ ሰም በስቶ ይመጥጣል። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ገላው ላይ ያሉት የቅባት ውሕዶች ከንብ ሽታ ጋር ስለሚመሳሰሉ ንቦቹ በቀላሉ አይለዩትም። ንብ አናቢ የቀፎውን መግቢያ ንብ ብቻ እንዲያሳልፍ ቢያጠብበው ሌባው ውጭ ይቀራል።

ጉልበቱም የሚደነቅ ነው። ከአውሮፓ የአልፕስን ተራሮች ተሻግሮ ወደ ደቡብ ይሰደዳል። እ.ኤ.አ. በ2022 በሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ጥቃቅን የሬዲዮ ማሰራጫ የተለጠፈባቸውን እነዚህን የእሳት እራቶች በአነስተኛ አውሮፕላን ተከትሎ፣ አንዱን እስከ 90 ኪሎ ሜትር ድረስ መከታተል ችሏል። ነፋስ ሲገፋቸው እንኳ አቅጣጫቸውን ጠብቀው ቀጥ ብለው ይበሩ ነበር።

እናቲቱ እንቁላሏን አንድ አንድ እያደረገች በየቅጠሉ ስለምትጥል ማሳ ውስጥ በመንጋ አይገኝም። አንዱ አባጨጓሬ የአንድን ድንች ቅጠል ሊያራቁት ይችላል፤ ለአንድ ሁለት አባጨጓሬ ብሎ ማሳውን በሙሉ ፀረ ተባይ መርጨት ግን ገንዘብ ማባከንና ንብ መጉዳት ነው። ፎቶውን አንሥቶ፣ ቅጠሉን ከነአባጨጓሬው ቆርጦ ከማሳው ዳር ወዳለ አጠፋሪስ ማዛወር ይበቃል። ድንቹም ይተርፋል፤ የተነሣው ፎቶም ይህ ፍጥረት የት ቦታና በየትኛው ወር እንደሚገኝ ለሚያጠኑ ሰዎች ማስረጃ ይሆናል።