ማቶትና የቀርከሃ ማቆሚያ

እንደሚታወቀው በቦንጋ አካባቢ ለሽርሽር የሚወጣ ተማሪ ቦታ አያጣም። አንዱ ወደ ባርታ ፏፏቴ፣ ሌላው ወደ እግዜር ድልድይ፣ የቡና ነገር የሚወድ ደግሞ በዴቻ ወረዳ ወዳለው ወደ ማንኪራ ጫካ ይሄዳል። ነገር ግን የትም ቢሄዱ አንድ ችግር አይቀርም፤ ይኸውም ደልዳላ መሬት እንደ ልብ አለመገኘቱ ነው። መሬቱ ተዳፋት፣ ሣሩ ረዥም፣ አፈሩ እርጥብ ነው። ጠርሙስ ቢያቆሙት ይወድቃል፤ ብርጭቆ ቢያስቀምጡት ያዘነብላል፤ ጀበናማ መቀመጫው ክብ ስለ ሆነ ያለ ደጋፊ አንድ ደቂቃም አይቆም።

ይህ ነገር ቀልድ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ሆኖም ባለፈው ዓመት ለሽርሽር በወጣን ጊዜ ከፍም ላይ የወረደ ጀበና በድንጋይ ተደግፎ ሳለ ተንሸራተተና በአንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እግር ላይ ፈሰሰ። ልጅቱ ጫማ ማድረግ ተስኗት ሁለት ሳምንት ያኽል ከትምህርት ቀረች፤ ያውም በፈተና ሰሞን። እኔም ስለ መጠጥ ማስቀመጫ ማሰብና ዐዋቂዎችን መጠየቅ የጀመርሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ያገኘሁትን ለጓደኞቼ፣ ለመምህሮቼና ለወላጆች እነሆ እጽፋለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ማቶት ልናገር፤ ይህን ያኽል ቀላል ሆኖ ይህን ያኽል የሚጠቅም ዕቃ አላየሁምና። ማቶት ማለት ጀበና የሚቀመጥበት ቀለበት ነው። በየቤቱ ከረከቦቱ አጠገብ አይጠፋም፤ ለሽርሽር ሲወጣ ግን ሲኒው ይታሸጋል፣ ጀበናው ይያዛል፣ ማቶቱ ይረሳል። እናቶቻችን ከሣር ወይም ከጨርቅ ይሠሩታል። በእኛ አገር እንሰት በየጓሮው ስላለ የደረቀው ቅጠሉ ይበቃል። ቅጠሉ ትንሽ ውኃ ተረጭቶበት ሲለሰልስ የሁለት አውራ ጣት ውፍረት እስኪኖረው ድረስ ተሰብስቦ እንደ ገመድ ይጠመዘዛል። ጫፍና ጫፉ ተጋጥሞ ክብ ከሆነ በኋላ ዙሪያውን በቃጫ ጥብቅ ተደርጎ ይጠመጠምና ፀሐይ ላይ ይደርቃል። እጁ የለመደ ሰው ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም።

ዋናው ነገር ልኩ ነው። ቀለበቱ ከጠበበ ጀበናው ከላዩ ይንገዋለላል፤ ከሰፋ ደግሞ ሆዱ መሬት ነክቶ ይወዛወዛል። የቀለበቱ ውስጥ ስፋት የጀበናው ሆድ ግማሽ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ሲሆን ይስማማል። ምክንያቱን በፊዚክስ ክፍል ተምረነዋል፤ አንድ ዕቃ የማይወድቀው ከክብደቱ ማእከል ቁልቁል የሚወርደው መስመር ከመቀመጫው ሳይወጣ ሲቀር ነው። ክብ መቀመጫ መሬቱን የሚነካው በአንዲት ነጥብ ነው፤ ማቶት ያችን ነጥብ ወደ ሰፊ ቀለበት ይለውጣታል። ከዚህም በላይ ቅጠሉ ሲጫኑት ስለሚረግብ የመሬቱን ጉርብጥ ይሞላል፤ ይህን ጣውላ ሊያደርገው አይችልም። የጋለ ሸክላም ቀዝቃዛና እርጥብ መሬት ሲነካ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ማቶቱ መካከል ገብቶ ይከላከልለታል። በጀበናው ላይ ፍም ተጣብቆ እንደ ሆነ ግን አስቀድሞ ማራገፍ ያስፈልጋል። ቦታው እጅግ ተዳፋት ከሆነም ማቶቱን ከማኖር በፊት መሬቱን ጫር ጫር አድርጎ መደልደል ነው።

ለጠርሙስና ለብርጭቆ የሚሆነው ቀርከሃ ነው። የኢትዮጵያ አገር በቀል ቀርከሃ ሁለት ዐይነት ነው። የቆላው ውስጡ ድፍን ስለ ሆነ ለዱላ እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የደጋው ግን ውስጡ ክፍት ሆኖ በየአንጓው ተደፍኗል፤ ስለዚህ ታቹ የተዘጋ ጽዋ ተሠርቶ ይጠብቀናል ማለት ነው። በካፋ ዞን ይህ ቀርከሃ በአዲዮ ወረዳ ከፍታዎች ይገኛል። ነገር ግን ገጀራ ይዞ ጫካ መግባት አይገባም። አካባቢው በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የካፋ ባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ከገበያ ወይም ከባለጓሮው መግዛት ይሻላል።

ሲገዛ ዕድሜውን መመርመር ነው። ቀርከሃ ቁመቱን የሚጨርሰው በበቀለ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው፤ ጥንካሬ የሚያገኘው ግን ሦስት ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። ለጋው ቆዳው የሚያበራ አረንጓዴ ነው፤ ሲደርቅም ይኮማተርና ይሰነጠቃል። የበሰለው ደብዘዝ ያለ፣ አንዳንዴም ሽበት የመሰለ ነገር የበቀለበት ነው።

ውስጡ 7 ሳንቲ ሜትር ያኽል ስፋት ያለው ተመርጦ በ60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይቆረጣል። ከላይኛው አፍ 12 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ አንድ አንጓ እንዲገኝ ልብ ማድረግ ነው፤ ያ አንጓ የጽዋው ወለል ይሆናል። ከአንጓው በታች ያለው በሰያፍ ተቆርጦ እንደ ጦር ይሾላል። የዝናብ ውኃና የፈሰሰ መጠጥ እንዳይጠራቀም ወለሉ በጋለ ምስማር ይበሳል። አፉ በአሸዋ ካልታሸ እንደ ቢላዋ እጅ ይቈርጣል፤ ይህን ቸል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። መሬት ላይ ሲተከልም አፉን በድንጋይ መምታት አይገባም፤ ይሰነጠቃልና። አስቀድሞ በችካል ጉድጓድ አበጅቶ እያዞሩ መጫን ነው። አንድ ስንዝር ያኽል ከገባ የለስላሳ ጠርሙስ ልክክ ብሎ ይቆምበታል፤ መሬቱ ቢያዘነብልም ዘንጉን ቀጥ አድርጎ መትከል ይቻላል።

ለውኃ ቅል ወይም ለብርዝ ቅል ደግሞ የቀርከሃው አፍ ስድስት ቦታ ተሰንጥቆ፣ ስንጥቁ እንዳይቀጥል ከታቹ በቃጫ ታስሮ፣ ስንጥሮቹ ወደ ውጭ ተገፍተው በሐረግ እንደ ቅርጫት ይጠለፋሉ። መልኩ ያምራል፤ ግን አድካሚ ነው፣ እኔ ለአንዱ ብቻ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ለቅሉም ቢሆን ማቶት ይበቃዋል ባይ ነኝ።

አንዳንድ ጓደኞቼ የፕላስቲክ ኩባያ ገዝቶ መጣል አይቀልም ወይ ይሉኛል። ባዶውን ኩባያ ነፋስ ያነሣዋል፤ ሙሉውን ሣሩ ይጥለዋል፤ ተጥሎ የቀረውንም በሚቀጥለው ዓመት ስንሄድ እዚያው እናገኘዋለን።

ቀርከሃ አንድ ጠላት አለው፤ እርሱም ነቀዝ ነው። ነቀዙ የሚፈልገው በእንጨቱ ውስጥ ያለውን ስታርች ነው። ስለዚህ ከመሠራቱ በፊት ጥቂት ሳምንታት ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ በጥላ ቢደርቅ ዕድሜው ይረዝማል። ከሽርሽር ሲመለሱም ጭቃውን አጥቦ ከምድጃ በላይ መስቀል ነው፤ ጭሱ ነቀዙን ያርቅለታል፣ ቀለሙንም እያደር እንደ ማር ያደርገዋል።